«ኮሪያ ቀረ» የተባሉት አገራቸው ገብተዋል፦ ስለ ቃኘው ሰማዕታት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«የአያቴ ወንድም ኮሪያ ቀረ።» ከክቡር ዘበኛ፣ ማለትም ከንጉሠ ነገሥቱ የጥበቃ ጦር፣ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ይህን አነጋገር ሳይሰማ አያድግም። እኔም ሰምቼው አድጌያለሁ። ለዓመታት እንደተባለው አምኜ፣ አጥንታቸው በማላውቀው ተራራ ሥር እንደወደቀ አስብ ነበር። ተሳስቼ ነበር። በኮሪያ ጦርነት የወደቁት ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በገዛ አፈራቸው አርፈዋል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ፣ መቃብሩ በእግር በሚደረስበት ቦታ እያለ፣ «ሩቅ ነው» እያለ ሰባ ዓመት አልፎታል። የሚከተሉት ጥያቄዎች ዘመዶች፣ ተማሪዎችና በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ቃኘው ማለት ምን ማለት ነው? እነማንስ ነበሩ?

ቃኘው የፈረስ ስም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል እንደተባሉ ሁሉ፣ የጃንሆይ አባት ራስ መኮንን በፈረሳቸው ስም አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ራስ መኮንን ዓድዋ የዘመቱ የጦር አለቃ ናቸው። ወደ ኮሪያ የሚሄደው ጦር ይህ ስም ሲሰጠው የዓድዋን አደራ ተሸክሞ እንዲሄድ ነው።

ወታደሮቹ የተመረጡት ከክቡር ዘበኛ ነበር። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ ተዋጋ። በጦርነቱ ዘመን ሦስት ሻለቆች እየተተካኩ ዘመቱ፤ ሐምሌ 20 ቀን 1945 የተኩስ ማቆም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ሌሎች ሰላም ለማስከበር ተከትለው ሄዱ። የዘመቻው ጠቅላይ አዛዥ በጊዜው ኮሎኔል የነበሩት ከበደ ገብሬ፣ የመጀመሪያው ሻለቃ አዛዥ ደግሞ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ።

የሰው አገር ጦርነት አይደለም እንዴ? ለምን እንደ አገር ሰማዕት ይቆጠራሉ?

ይህን የሚጠይቅ ሰው በክፋት አይጠይቅም፤ ስለዚህ በደንብ መመለስ አለበት።

በ1928 ፋሺስት ኢጣልያ በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን ስትወረን፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ደንብ አንዱ አባል ሲጠቃ ሌሎቹ ሊደርሱለት ቃል ገብተው ነበር። አልደረሱም። ጃንሆይ በሰኔ 1928 ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት ሲሉ የሰማቸው እንጂ የረዳቸው አልነበረም። ሰኔ 18 ቀን 1942 የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ ሲሻገርና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እርዳታ ሲጠይቅ፣ ኢትዮጵያ ያ ቃል ሲታጠፍ ምን እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ ታውቅ ነበር።

አንድ የቀን መገጣጠም ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ፑሳን የደረሰው አሥረኛው የድል በዓል በሚከበርበት ሰሞን ነው። በመርከቡ ላይ ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ የአርበኛ ልጆች፣ በጦርነቱ ወላጅ ያጡ፣ በወረራው ዘመን በልጅነታቸው የሸሹ ናቸው። ለእነርሱ የተጠቃ ሕዝብ ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

በጦርነቱ ፖለቲካ መስማማት ግዴታ አይደለም። ወታደሩ ግን የሄደው አገሩ ልካው ነው፤ የሞተውም የአገሩን ባንዲራ ይዞ ነው። ልካው ሲሞትላት «የሰው ጦርነት ነው» ብላ ልትክደው አትችልም።

ስንት ኢትዮጵያውያን ወደቁ?

በጦርነቱ ዘመን ከዘመቱት 3,518 ያህል ወታደሮች የሞቱት በአንዳንዱ መዝገብ 121፣ በሌላው 122 ተብለው ሰፍረዋል። የቆሰሉት 536 ናቸው። አንድ ሰው ልዩነት ትንሽ የሚመስለው ለቆጣሪ ነው። ያ አንድ ሰው እናት ነበረችው፤ ስለዚህ በጽሑፍም ሆነ በንግግር ስትጠቅሱ ሁለቱንም ቁጥር ብትጠቅሱ እመርጣለሁ።

ከቃኘው አንድም ሰው አልተማረከም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሲሸሹና ሲያፈገፍጉ ቁስለኛና አስከሬን ጥለው መሄድን እንደ ነውር ይቆጥሩ ነበር። ሌሊት ለቅኝት ወጥተው ጠላት ሲከባቸው፣ የወደቀውን ጓዳቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ይመለሱ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ምርኮኛ ሲለዋወጡ ከኢትዮጵያ በኩል የሚጠበቅ ሰው አልነበረም።

በየቦታው ስንቱን ጦርነት እንደተዋጉና ስንቱን እንዳሸነፉ የሚነገሩ ትልልቅ ቁጥሮች ትሰማላችሁ። እኔ በዚያ ላይ ብዙ አልቆይም። የወደቀውን ጓድ ትቶ አለመምጣት ከማንኛውም የድል ቁጥር ይበልጥብኛል። ዛሬ መቃብር ኖሯቸው መጎብኘት የቻልነው በዚያ ምክንያት ነው፤ የተሸከሙዋቸው ጓዶቻቸው ናቸው።

መቃብራቸው የት ነው?

በመጀመሪያ የተቀበሩት ፑሳን ውስጥ ነበር። በጥር 1943 በዚያ ከተማ የተባበሩት መንግሥታት የመታሰቢያ መቃብር ተቋቁሞ፣ ከየአገሩ የመጡ 11,000 ያህል ሙታን በየባንዲራቸው ሥር አረፉ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኢትዮጵያ፣ የግሪክ፣ የቤልጅግ፣ የኮሎምቢያ፣ የፊሊፒንስ፣ የታይላንድና የሌሎችም ሙታን ወደየአገራቸው ተመለሱ። የእኛዎቹም መጡ። ያረፉትም አራት ኪሎ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ነው።

ስለዚህ «ኮሪያ ቀረ» ብሎ የሚያዝን ቤተሰብ ካለ፣ እባካችሁ ይህን ንገሩት። ለቅዳሴ ወይም ለሠርግ ሥላሴ ደርሶ፣ ከዘመዱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆሞ የተመለሰ ብዙ ሰው አለ።

ስማቸው የተጻፈበት ሐውልት አለ?

አዲስ አበባ ውስጥ አፍንጮ በር አካባቢ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ፤ የወደቁት ስም እዚያ ተቀርጿል። ከስድስት ኪሎ ብዙ አይርቅም። የኮሪያ መሪዎችና እንግዶች አዲስ አበባ ሲመጡ አበባ የሚያኖሩትም እዚያ ነው።

ኮሪያ ውስጥ ደግሞ ሦስት ቦታዎችን ልጥቀስ። ሴኡል በሚገኘው የጦርነት መታሰቢያ ቤተ መዘክር የሞቱት ስም በየአገሩ ተለይቶ በግድግዳ ላይ ሰፍሯል። ፑሳን የእኛዎቹ መቃብር ባዶ ቢሆንም፣ ከ40,000 በላይ ስሞች የተጻፉበት የመታሰቢያ ግንብ ላይ የኢትዮጵያውያኑም አለ። ሦስተኛው ቹንቾን ነው፤ ይህ ቦታ ከሁሉ ይለያል። ጃንሆይ በግንቦት 1960 ኮሪያን ሲጎበኙ ለቃኘው ሐውልት የተመረቀው እዚያ ነው። በ1999 በአጠገቡ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ተከፈተ፤ ጣራው የአገራችንን ጎጆ ቤት እንዲመስል ተደርጎ ነው የተሠራው። ከ1961 ጀምሮ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤትም በአካባቢው አለ። ቹንቾንና አዲስ አበባ እህትማማች ከተሞች ናቸው።

የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። እዚያ ያለው የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ ላይ ስማቸውን ላገኝ እችላለሁ?

የአገራችንን ስም ያገኛሉ፣ የሰዎቹን ስም ግን አያገኙም። ሐምሌ 20 ቀን 1987 በተመረቀው መታሰቢያ በመንገዱ ጠርዝ ባለው ድንጋይ ላይ በጦርነቱ የተሰለፉት 22 አገሮች ስም ተቀርጿል፤ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። በ2014 የተጨመረው የስም ግድግዳ የያዘው የአሜሪካ ወታደሮችንና ከእነርሱ ጋር የተመደቡ ኮሪያውያንን ብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ ግድግዳውን ሲፈልጉ ውለው ከፍቷቸው የተመለሱ ወገኖች ስላሉ ነው አስቀድሜ የምናገረው። ኢትዮጵያ የሚለው ድንጋይ ጋ አበባ ማኖር ይቻላል፤ የሚያምርም ነገር ነው።

ዘመዴ ከሞቱት አንዱ መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

በቤት ካሉ ትልልቆች ይጀምሩ። የሚያስፈልግዎ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ማዕረግ፣ የተወለደበት አገር፣ ከተቻለም አንደኛ፣ ሁለተኛ ወይስ ሦስተኛ ቃኘው ጋር እንደዘመተ ነው። የቆየ ሣጥን ይፈተሽ። ሜዳይ ካለ በደንብ ይታይ፤ ለኮሪያ ዘማቾች የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ ጭረት ያለው ሲሆን፣ ለኢትዮጵያውያን የተዘጋጀው ጽሑፉ በአማርኛ ነው። ይህን ሜዳይ እጁ ላይ ይዞ «ምን እንደሆነ አላውቅም» ያለኝ ሰው አጋጥሞኛል። አማርኛውን አንብቦ ሲጨርስ ድምፁ ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ያስተውሉ።

በውጭ ግድግዳዎች ላይ ስሙ በላቲን ፊደል ነው። አንዱ ስም በሦስትና በአራት ዓይነት ይጻፋል፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተወስዶ ከፊት ሊቀድምም ይችላል። ስለዚህ በራሱም በአባቱም ስም ይፈልጉ። «ወልደ»፣ «ገብረ»፣ «ኃይለ» ብለው የሚጀምሩ ስሞች አንዳንዴ ለሁለት ተከፍለው፣ አንዳንዴ ተጣብቀው ይገኛሉ።

ሁለተኛው፣ ክቡር ዘበኛ የነበረ ሁሉ ኮሪያ አልዘመተም። ከ1952 በኋላ ኮንጎ የዘመቱ ብዙ ናቸው፤ በቤተሰብ ወሬ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ዘመዱ የሄደበትን ዓመት ማወቅ ብዙ ነገር ይለያል።

ሦስተኛው፣ ከዘመቻ ተመልሶ ቆይቶ ያረፈ ሰው በሙታኑ ዝርዝር ላይ አይኖርም። ይህ ክብሩን አይቀንሰውም። የኢትዮጵያ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበርን ይጠይቁ፤ የዘማቹን ታሪክ በቅርብ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

መታሰቢያቸው የሚውለው መቼ ነው?

በአገራችን ለእነርሱ ብቻ የተለየ ብሔራዊ በዓል የለም። ይህ ያሳዝነኛል። የካቲት 23 የዓድዋ፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ነው፤ ዘማቾቹ በሚያዝያ 27 ሜዳያቸውን አድርገው ከአርበኞች ጋር ሲወጡ ማየት የተለመደ ነበር። የጦርነቱ መጀመሪያ ሰኔ 18 እና የተኩስ ማቆሙ ሐምሌ 20 ሰሞን የመታሰቢያ ሥርዓት ይደረጋል።

ኮሪያውያን ለሞቱላቸው ወታደሮች ሁሉ የሚያስቡበት ቀን ግንቦት 29 ነው። በዚያ ቀን ረፋድ ላይ በመላ አገሪቱ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይነፋል፤ ሰው ካለበት ቆሞ ለአንድ ደቂቃ ዝም ይላል። ከውጭ ለመጡት ወታደሮች ደግሞ ኅዳር 2 አለ፤ በዚያ ቀን በየአገሩ ያለ ሰው ፊቱን ወደ ፑሳን አዙሮ ያስባቸዋል። ሰዓቱ በፑሳን ከረፋዱ 5 ሰዓት ሲሆን ለአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ለቅዳሴ የሚነሣ ሰው ነቅቶ የሚገኝበት ሰዓት በመሆኑ ለእኛ አይከብድም። ዋሽንግተን ላለ ሰው በዋዜማው ምሽት 3 ሰዓት ይሆናል።

መቃብሩ ጋ ስሄድ ምን ላድርግ? ሥርዓቱ ምንድን ነው?

የጥንት ሰዎች ለጀግና ሲያለቅሱ ፈረሱን በጌጥ ጭነው፣ ጋሻና ጦሩን፣ ልብሱን አውጥተው ነበር። አስከሬኑ በሌለበት እንኳ በልብሱ ላይ ይለቀስ ነበር። ሰው ስሙ እየተጠራ፣ ሥራው እየተነገረ ነው የሚሸኘው። እኔም ለእነዚህ ሰዎች ከአበባ በፊት የምመክረው ይህን ነው፤ ስማቸው በድምፅ ይነበብ። ማዕረጉ፣ ስሙ፣ የአባቱ ስም። ዝም ብሎ በዓይን ማለፍና ድምፅ አውጥቶ መጥራት አንድ አይደሉም። አሥር ስም ሳይሞላ ጉሮሮ እንደሚይዝ እዚያ ቆማችሁ ታዩታላችሁ።

ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ አንድ ማስታወሻ አለኝ። በሐውልት ላይ ያለው የዓለም ስሙ ነው፤ በጸሎት የሚጠራው ግን የክርስትና ስሙ ነው። አያቶች የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ከሆኑ፣ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉት። ለካህኑ ያንን ስም ስጡ። ሙት ዓመቱ ካልታወቀ በሐምሌ 20 ማሰብ ይቻላል። ሙስሊም ቤተሰብ ዱዓ አድርጎ ሰደቃ በማውጣት ያስባል። ሃይማኖት ሳይለይ ለሚደረግ ስብሰባ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት በቂ ነው።

ነጠላ ማዘቅዘቅ አያስፈልግም፤ ለቅሶው በጊዜው ተለቅሷል። የሥራ ልብስም ቢሆን ንጹሕ ይሁን። በመቃብር ላይ ቆሞ ፎቶ መነሣት ግን ይቅር።

ይህን ያህል ሠርተው ለምን ለረጅም ጊዜ ተረሱ?

በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥቱን የመራው ክቡር ዘበኛ ነበር። ቃኘው ሲነሣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በዚያ ግርግር ማብቂያ ላይ ከተገደሉት አንዱ ናቸው። የሠራዊቱ ስም ከዚያ በኋላ በጥርጣሬ መታየት ጀመረ። ከዚያ የ1966 አብዮት መጣ። በኅዳር 1967 ደርግ ከረሸናቸው ስድሳ ያህል ባለሥልጣናት መካከል ኮሪያ ላይ ጦሩን የመሩት ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ይገኙበታል። አዲሱ መንግሥት የሶሻሊስት መንግሥት ስለነበረ፣ የሰሜን ኮሪያም ወዳጅ ስለነበረ፣ ሰሜን ኮሪያን የተዋጋ ዘማች ሜዳዩን አድርጎ መውጣት የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ሜዳዩን ከሣጥን ሥር የቀበረ፣ ፎቶውን ከግድግዳ ያወረደ ብዙ ነው። ልጆቻቸው ምንም ሳይሰሙ ያደጉት ለዚህ ነው።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት በዚያ ዘመን በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራ ነው። የቆመው በሶማልያ ወረራ ለወደቁት ነው፤ አብረውን የሞቱ ኩባውያንም እዚያ ይታሰባሉ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ አንዱን መታሰቢያ ከሌላው ጋር ሊያጣላ ይሞክራል። እኔ አልቀበለውም። ኦጋዴን የወደቀውም የሰው ልጅ ነው፣ ኮሪያ የወደቀውም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው።

በሕይወት ላሉትና ለቤተሰቦቻቸው ምን ማድረግ ይቻላል?

የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ከዘጠና ዓመት አልፈዋል። ከዘመቻ የተመለሱ ዘማቾች ቦታ ተሰጥቷቸው የሰፈሩበት መንደር ዛሬም ኮሪያ ሰፈር ይባላል። አንድ ዘማች በሰፈራችሁ ካለ ሄዳችሁ «አባባ፣ እንደምን ዋሉ» በሉት። ገንዘብ የሚረዳ ይርዳ፤ ግን ከገንዘቡ እኩል የሚያስፈልገው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ስልካችሁ ድምፅ ይቀርጻል፤ አስፈቅዳችሁ ቅረጹት። አብረውት ዘምተው የወደቁትን ጓዶች ስም ጠይቁት። ሐውልት ላይ ያለ ስም መልክ የሚኖረው እንዲህ ያለ ሰው «እርሱ እኮ ሳቂታ ነበር» ሲል ነው።

ከኮሪያ መንግሥትና ከተለያዩ ድርጅቶች ለዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል ይሰጣል። በዚህ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ አትስጡ፤ ጉዳዩን በቀጥታ ከማኅበሩ አጣሩ።

ልጆቼን ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። ስለ ጦርነት ለሕፃን ምን ይነገራል?

ከወላጅ አልባ ልጆች ይጀምሩ። የቃኘው ወታደሮች በ1945 ዶንግዱቾን በሚባል ከተማ በጦርነቱ ወላጅ ያጡ የኮሪያ ሕፃናትን የሚያሳድግ ቤት አቋቁመው፣ ከደመወዛቸው እያዋጡ ይመግቡ ነበር። ልጅ ይህን ወዲያው ይገባዋል። ሮጦ ለሚውል ልጅ ደግሞ ማሞ ወልዴን ይንገሩት፤ በ1961 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ በወታደርነት ኮሪያ አገልግሎ የተመለሰ ሰው ነው። ከዚያ «አብረውት ከሄዱት ያልተመለሱም አሉ» ብለው ይቀጥሉ።

መጀመሪያ ሥላሴ ይግቡ፣ ከዚያ በስድስት ኪሎ አድርገው አፍንጮ በር ይሂዱ። ከሰዓት በፊት ቢሆን ፀሐዩ አይከብድም። ሐውልቱ ጋ ሲደርሱ ንባቡን ለልጁ ይተዉለት። ሲሳሳት አያርሙት፤ ራሱ ተመልሶ ያነበዋል። ከስሞቹ መካከል የራሱን ወይም የአያቱን ስም የሚመስል ማግኘቱ አይቀርም፤ እዚያ ላይ ቆም ብሎ ይጠይቅዎታል።